ለትልቅ መድረክ ምስል ሲመረጥ፦ ፕሮጀክተር፣ የኤልኢዲ ግድግዳ ወይስ ስስ መጋረጃ?

የትልቅ ቴአትር አዘጋጅ ለመድረኩ ምስል ሲፈልግ የሚያወራው ስለ ባሕር፣ ስለሚቃጠል ቤተ መንግሥት፣ ስለ ዝናብ ነው። ዕቃ አከራዩ የዋጋ ማቅረቢያ ሲልክ ደግሞ የሚጽፈው ስለ ሉመን (ፕሮጀክተሩ ስለሚረጨው ጠቅላላ ብርሃን)፣ ስለ ፒክስል (ምስሉ ስለሚሠራባቸው ነጥቦች)ና ስለ ኪሎዋት ነው። በመካከል ያለው ፕሮዲዩሰር ሦስት አራት ማቅረቢያ ጎን ለጎን ዘርግቶ ወይ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ወይ ዋጋው ዝቅ ያለውን ያነሣል። ሁለቱም አመራረጥ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። በማቅረቢያው ላይ ያልተጻፈ አንድ ዳኛ አለ፤ እርሱም የተዋናዩ ፊት ነው። ተመልካቹ የመጣው ሰው ሊያይ ነው። ለፊቱ የበራው መብራት ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ ምስሉ ሲበረታ ደግሞ ፊቱን ይውጠዋል። የሚከተለው ንጽጽር በሙሉ የዚህ ሽኩቻ ጉዳይ ነው።

ሽኩቻው ዛሬ አልተጀመረም። ጀርመናዊው የቴአትር አዘጋጅ ኤርቪን ፒስካቶር በበርሊን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፊልምን ከተዋናይ ጋር አቀናጅቷል። ቼኮዝሎቫኪያዊው የመድረክ ንድፍ ባለሙያ ዮሴፍ ስቮቦዳም ከአዘጋጁ አልፍሬድ ራዶክ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1958ቱ የብራሰልስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ፊልምንና ሕያው ተዋናይን ያጣመረውን ላተርና ማጊካን አሳይቷል። የዛሬው መሣሪያ ከእነርሱ ዘመን በብዙ እጥፍ ይደምቃል። ጥያቄው ግን ያው ነው።

## መመዘኛው ከዕቃው ይቀድማል

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ዕቃ ከመታየቱ በፊት መድረኩ ይለካል።

ስክሪኑ ላይ የሚያርፈው ትርፍ ብርሃን። ይህኛው መመዘኛ ከሌሎቹ ሁሉ ስለሚከብድ በቁጥር ላሳየው። ምስሉ 12 ሜትር ስፋትና 7.5 ሜትር ቁመት አለው እንበል፤ 90 ካሬ ሜትር ማለት ነው። 20,000 ሉመን ያለው ፕሮጀክተር ብርሃኑን በሙሉ እዚህ ላይ ቢያሳርፍ ስክሪኑ 222 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር የሚያርፍ ሉመን) ያገኛል። ለተዋንያኑ ከበራው መብራት ደግሞ ከወለሉና ከዕቃው ተንጸባርቆ 50 ሉክስ ያህል ስክሪኑ ላይ ያርፍ። እንግዲህ የምስሉ ነጭ ክፍል 272 ሉክስ፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ክፍል 50 ሉክስ ሆነ። ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው በአምስት እጥፍ ከግማሽ ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ምስል ብዙ ጊዜ ታጥቦ የነጣ ጨርቅ ይመስላል።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው መፍትሔ ሁለተኛ ፕሮጀክተር መደረብ ነው። 40,000 ሉመን ሲሆን ነጩ 494 ሉክስ ይደርስና ልዩነቱ ወደ አሥር እጥፍ ያድጋል። አሁን ፕሮጀክተሩን ሳንነካ የመብራት ባለሙያው መብራቶቹን ወደ ጎን ቢያዞር፣ ወለሉ በማያንጸባርቅ ጥቁር ቀለም ቢቀባ፣ ትርፉ ብርሃንም ከ50 ወደ 10 ሉክስ ቢወርድስ? ነጩ 232፣ ጥቁሩ 10፤ ልዩነቱ 23 እጥፍ። የመብራት ባለሙያው ሥራ ሁለተኛው ፕሮጀክተር ከሚያስገኘው ከእጥፍ በላይ አስገኘ ማለት ነው። የምስል ውል ከመፈረሙ በፊት የመብራት ባለሙያው በስብሰባው ላይ መገኘት አለበት የምለው ስለዚህ ነው።

ልኬቱ ከባድ አይደለም። ለትዕይንቱ የታሰበው መብራት ይብራ፤ ፕሮጀክተሩ ይጥፋ፤ ስክሪኑ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ ዘጠኝ ያህል ነጥቦች በሉክስ መለኪያ ይለኩ። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ የሚያድነው ገንዘብ ግን ርካሽ አይደለም።

ቦታ። ከሌንሱ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት ለምስሉ ስፋት ሲካፈል የሌንሱ ምጣኔ ይገኛል። ምጣኔው 1.5 የሆነ ሌንስ ለ12 ሜትር ምስል 18 ሜትር ይፈልጋል፤ 0.8 የሆነው 9.6 ሜትር ይበቃዋል። አጭር ርቀት የሚበቃቸው ሌንሶች አጓጊ ቢሆኑም ጨረሩ በጣም ሰያፍ ሆኖ ስለሚመጣ ጨርቁ ላይ ያለችው ትንሽ መጨማደድ ሁሉ ትታያለች።

ጥቁር። ሻጮች ስለ ድምቀት ያወራሉ፤ ቴአትር ግን ግማሹ ጨለማ ነው። መድረኩ ሙሉ በሙሉ ሲጨልም ዕቃው ምን ያህል ይጨልማል? ይህ ጥያቄ በየአማራጩ ሥር ይመለሳል።

ክብደት፣ ኤሌክትሪክና ድምፅ። የጣሪያው መስቀያ ስንት ኪሎ ይችላል? ለመድረኩ የተመደበው ኤሌክትሪክ ስንት ነው? ማራገቢያው በጸጥታው ትዕይንት መካከል ይሰማል ወይ? ሦስቱም መልስ የሚያገኙት ከሕንፃው መሐንዲስና ከድምፅ ባለሙያው ነው።

የልምምድ ጊዜ። ከዕቃው ኪራይ ይልቅ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ምስሉ የሚሠራው በሌላ ቦታ ነው፤ የሚታረመው ግን መድረኩ ላይ፣ መብራቱ በርቶ፣ ተዋናዩ ቆሞ ነው። በመርሐ ግብሩ ውስጥ ለዚህ ሌሊት ያልተመደበለት ሥራ በመክፈቻው ምሽት ተመልካች ፊት ይለማመዳል።

## የፊት ፕሮጀክሽን

ፕሮጀክተሩ ከተመልካቹ ወገን ሆኖ ወደ መድረኩ ይረጫል። የዚህ አማራጭ ትልቁ ጸጋ ማንኛውም ነገር ስክሪን ሊሆን መቻሉ ነው፤ ግድግዳ፣ ደረጃ፣ የሸራ ቁራጭ፣ የተዋናይ ቀሚስ ሁሉ። ምስልን በቅርጽ ላይ ገጥሞ ማሳረፍ የሚቻለው በዚሁ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር የሚወጣው ወጪ ከሁሉም ያነሰ ሲሆን፣ መድረኩ ላይ የሚጨምረው ክብደትም የለም ማለት ይቻላል።

ችግሩ ጥላ ነው። የፕሮጀክተሩ ቦታ ጥላውን ይወስነዋል። በረንዳው ጠርዝ ላይ ከተሰቀለ ጨረሩ አግድም መጥቶ ተዋናዩን ደረቱ ላይ ያገኘዋል፤ ባሕሩ በፊቱ ላይ ይዋኛል፣ ጥላው ከኋላው ይቆማል። ከፍ ብሎ ከተሰቀለና ጨረሩ በ30 ዲግሪ ቁልቁል ከመጣ ነገሩ ይለወጣል። 1.8 ሜትር የሚረዝም ተዋናይ ምስሉ ከወለሉ በሚጀምር ስክሪን ፊት ከ3.1 ሜትር በላይ ርቆ ከቆመ ጥላው ወለሉ ላይ ይወድቃል እንጂ ምስሉን አይነካም። ምስሉ ከወለሉ 1.2 ሜትር ከፍ ብሎ እንዲጀምር ከተደረገ ደግሞ እስከ አንድ ሜትር ገደማ መጠጋት ይችላል። ከስክሪኑ ሥር ዝቅተኛ ግንብ ወይም አጥር የሚሠሩ የመድረክ ንድፍ ባለሙያዎች ለውበት ብቻ አይደለም የሚሠሩት።

ሁለተኛው ችግር ጥቁሩ ነው። ፕሮጀክተር ጥቁር ምስል ሲታዘዝ ብርሃኑን ጨርሶ አያጠፋም፤ በጨለማው ላይ ግራጫ አራት ማዕዘን ይስላል። መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ተዋንያኑ በድብቅ ሲወጡ ተመልካቹ ያንን አራት ማዕዘን ፍጥጥ ብሎ ያየዋል። መድኃኒቱ ከሌንሱ ፊት የሚገጠም፣ በመብራት መቆጣጠሪያው ዲኤምኤክስ መስመር የሚታዘዝ መካኒካዊ መዝጊያ ነው። ማቅረቢያው ላይ በአብዛኛው የማይጻፍ፣ ዋጋውም ከሌላው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ዕቃ ነው። የፊት ፕሮጀክሽን ከመረጡ ይህን ሳያስጽፉ አይፈርሙ።

ስለ ብርሃን ምንጩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የዜኖን አምፖል የሚጠቀሙ አሮጌ ፕሮጀክተሮች ዛሬም በኪራይ ገበያው አሉ፤ ቀለማቸው መልካም ነው፣ አምፖላቸው ግን ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ሌዘር ፎስፈር የሚባሉት ድምቀታቸው በግማሽ እስኪወርድ በተለምዶ 20,000 ሰዓት ይሰጣሉ፤ ለረጅም ተከታታይ ትርኢት የሚያዋጡት እነርሱ ናቸው። በሦስት ቺፕ (ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለየብቻ) የሚሠሩት የቀለም ተሽከርካሪ ስለሌላቸው ተመልካቹ ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ የቀስተ ደመና ብልጭታ አያይም፤ ለትልቅ መድረክ ከዚያ መውረድ አይመከርም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በጣም ደማቅ የሌዘር ፕሮጀክተር ረጅም ሌንስ ሲገጠምለት በቅርብ ለሚመለከት ዓይን አደጋ ስላለው፣ ጨረሩ በሰው ዓይን ከፍታ በማያልፍበት ቦታ መሰቀል አለበት። በአምራቹ የተጻፈውን የአደጋ ርቀት ይጠይቁ።

20,000 ሉመን የሚሰጥ ፕሮጀክተር ከ50 ኪሎ ወዲህና ወዲያ ይመዝናል፤ ማራገቢያውም 50 ዴሲቤል ገደማ ያሰማል። ከተመልካቹ ራስ በላይ ከተሰቀለ ድምፅ በሚያፍን ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት። ሣጥኑ ደግሞ አየር ማስወጫ ይፈልጋል፤ ያለበለዚያ ዕቃው በሁለተኛው ገቢር መካከል በሙቀት ራሱን ያጠፋል።

ምስሉ የሚያርፍበት ነገር ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሥራው ሌላ ደረጃ ላይ ይወጣል። በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ሮበርት ለፓዥ ላዘጋጀው የቫግነር ተከታታይ ኦፔራ፣ 24 የሚሽከረከሩ ሳንቃዎች ያሉት 45 ቶን ገደማ የሚመዝን መዋቅር ተሠርቶ ምስሉ እንቅስቃሴውን እየተከተለ ያርፍበት ነበር። መድረኩ ከሥሩ በብረት መጠናከር አስፈልጎታል፤ ተቺዎችም የመዋቅሩን ጩኸት ደጋግመው አንስተዋል። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ላይ ምስል ማሳረፍ ሲታሰብ ወጪው ከፕሮጀክተሩ ይልቅ በብረቱ፣ በሞተሩና አቀማመጡን ለኮምፒውተር በሚያሳውቀው መሣሪያ ላይ ይከማቻል። በጀቱ ይህን ካልቻለ ዕቃው ቆሞ ምስሉ ይንቀሳቀስ።

## የኋላ ፕሮጀክሽን

ፕሮጀክተሩ ከስክሪኑ ጀርባ ሲሆን የጥላው ችግር በአንድ ጊዜ ያበቃል። ተዋናዩ ስክሪኑን በእጁ እየነካ መጫወት ይችላል። ጠቆር ያለ የኋላ ስክሪን ከፊት የሚመጣውን ትርፍ ብርሃን በከፊል ስለሚውጥ ጥቁሩም ከነጭ ስክሪን ይሻላል። የማራገቢያው ድምፅም ከተመልካቹ ይርቃል።

የሚያስከፍለው ቦታ ነው። ባየነው ስሌት ለ12 ሜትር ምስል በ0.8 ሌንስ ከስክሪኑ ጀርባ 9.6 ሜትር ባዶ መሆን አለበት፤ እጅግ አጭር በሆነው 0.38 ሌንስ እንኳን 4.6 ሜትር። ያ ቦታ ለሌላ ሥራ አይውልም። ዕቃ አይቀመጥበትም፤ ተዋናይም ከግራ ወደ ቀኝ በዚያ ሮጦ አያልፍም፤ ቢያልፍ ግዙፍ ጥላው ሰማዩን ያቋርጣል። መድረካቸው ጥልቀት የሌላቸው ቤቶች ይህን አማራጭ ገና ከጅምሩ ሊተዉት ይገባል። ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ጥያቄ ስለሆነ በሜትር መለኪያ በአምስት ደቂቃ ይፈታል።

ሌላው ድክመት የብርሃን መሰብሰብ ነው። መሃል የተቀመጠ ተመልካች ከሌንሱ ፊት ለፊት ያለውን የስክሪን ክፍል ደምቆ፣ ጠርዙን ደብዝዞ ያየዋል፤ በጎን ያለው ደግሞ ሌላ ምስል ያያል። ሰፊ በሆነና መቀመጫው እንደ ማራገቢያ በተዘረጋ አዳራሽ ውስጥ የስክሪኑን ናሙና ሳይሰቅሉና ከጎን ወንበር ተቀምጠው ሳያዩ መወሰን አይገባም።

## የኤልኢዲ ግድግዳ

ይህ ራሳቸው ብርሃን የሚሰጡ ጥቃቅን መብራቶች ያሏቸው ፓነሎች ተገጣጥመው የሚሠራ ስክሪን ነው። ድምቀቱ ጥያቄ የለውም። ባየነው 222 ሉክስ ላይ ያለ ተራ ነጭ ስክሪን 70 ኒት (ከስክሪኑ ወደ ዓይን የሚመጣው ድምቀት መለኪያ) ገደማ ይሰጣል፤ የሲኒማ መለኪያው 48 ኒት መሆኑን ስናስብ ክፉ አይደለም። የውስጥ ኤልኢዲ ግድግዳ ግን በቀላሉ 1,000 ኒት ይደርሳል። መድረኩ ሙሉ መብራት ቢበራበትም ምስሉ አይደበዝዝም። ሲጠፋ ደግሞ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው፤ ግራጫው አራት ማዕዘን የለም። ጥላ የለም፤ ከስክሪኑ ጀርባ የሚያስፈልገው ለጥገና ሰው የሚገባበት ክፍተት ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁሉም ሰው ለምን ኤልኢዲ አይመርጥም? ከፊሉ መልስ ገንዘብ ነው። ዋናው ግን ያው ዳኛ ነው። በ1,000 ኒት ግድግዳ ፊት የቆመ ተዋናይ የሚታየው እንደ ጥቁር ቁራጭ ነው። ፊቱን ለማሳየት መብራቱ ይጨመራል፤ መብራቱ ሲጨመር መድረኩ በሙሉ ይነጣል፤ ምስጢር የሚባል ነገር ይጠፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በተግባር ግድግዳው ከ10 እስከ 20 በመቶ ባለው ድምቀት እንዲሠራ ይደረጋል። ይህ ደግሞ ሌላ ጉድለት ያመጣል፦ ስምንት ቢት ብቻ (ከጥቁር እስከ ደማቅ 256 ደረጃ) በሚያስኬድ ሥርዓት ድምቀቱ በስሌት ወደ 15 በመቶ ሲወርድ ከ256ቱ የብርሃን ደረጃዎች የሚቀሩት 38 ገደማ ናቸው። ቀስ ብሎ የሚመሽ ሰማይ በመስመር በመስመር ተቆራርጦ ይታያል። ስለዚህ ለቴአትር የሚከራይ ኤልኢዲ የሚመዘነው በከፍተኛው ድምቀቱ ሳይሆን በዝቅተኛው ነው። አከራዩን ግድግዳውን በ15 በመቶ ከፍቶ ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ በ20 ሰከንድ የሚሸጋገር ምስል እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ደረጃው ከታየ ሌላ ዕቃ ይፈልጉ።

ስለ ፒክስል ርቀት (በሁለት አጎራባች ነጥቦች መካከል ስላለው) የሚደረገው ክርክር ከሚገባው በላይ ይገናል። በተለምዶ አንድ ሚሊ ሜትር ለአንድ ሜትር ይታሰባል፤ 3.9 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ግድግዳ ከአራት ሜትር በላይ ለተቀመጠ ተመልካች ይሆናል። በትልቅ አዳራሽ የመጀመሪያው ረድፍ እንኳን ከኋላው ግድግዳ በጣም ይርቃል። ከዚያ ለጠበቀ ርቀት የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ የሚያዋጣው ግድግዳው ወደ መድረኩ ጫፍ ከቀረበ ወይም ትርኢቱ በካሜራ የሚቀረጽ ከሆነ ነው።

ክብደቱን እንቁጠር። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ አንድ ፓነል ስምንት ኪሎ ያህል ነው። ለ12 በ7.5 ሜትር 24 በ15፣ ማለትም 360 ፓነል ያስፈልጋል፤ 2,880 ኪሎ ያለ ማንጠልጠያ ብረቱና ያለ ኬብሉ። በ3.9 ሚሊ ሜትር ርቀት ይህ ግድግዳ 3,072 በ1,920 ፒክስል ይሰጣል። በሙሉ ድምቀት በካሬ ሜትር ከ400 እስከ 700 ዋት ስለሚወስድ ከ36 እስከ 63 ኪሎዋት መመደብ አለበት፤ የሥራ ላይ ፍጆታው ከዚያ በብዙ ያነሰ ቢሆንም ገመዱና ማብሪያው የሚሰላው በከፍተኛው ነው።

የድምፅ ባለሙያውን ማንም አይጠይቀውም እንጂ እርሱም ቅሬታ አለው። ኤልኢዲ ጠንካራ፣ ጠፍጣፋና ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ ነው። ድምፅ ማጉያ ከጀርባው ማስቀመጥ አይቻልም። መዘምራን ከፊቱ ሲቆሙ ድምፃቸው ተመልሶ በማይክሮፎናቸው ይገባል። ፕሮጀክሽን የሚያርፍበት የተበሳ ጨርቅ ይህ ጣጣ የለበትም።

ከመለዋወጫ ጉዳይ አንድ ነገር ላክል። አንድ ፓነል ሲበላሽ በምስሉ መካከል ጥቁር ካሬ ይቀራል። መለዋወጫዎቹ ከዋናዎቹ ጋር በአንድ ጊዜ የተመረቱ ካልሆኑ ቀለማቸው ይለያል፤ አዲሱ ካሬ በነጭ ምስል ላይ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ጥፍጥፍ ሆኖ ይታያል። ውሉ ላይ «ከአንድ ምርት» የሚል ሐረግ ይግባ።

## ስስ መጋረጃና የመስተዋት መንፈስ

መንፈስን በመድረክ ላይ የማሳየት ብልሃት ጆን ሄንሪ ፔፐር በለንደን እ.ኤ.አ. በ1862 ካሳየው በኋላ «የፔፐር መንፈስ» የሚለውን ስሙን አግኝቷል። ያዘነበለ ግልጽ መስተዋት ከተደበቀ ቦታ የሚመጣውን ምስል ያንጸባርቃል፤ ተመልካቹም በመስተዋቱ ውስጥ አሳልፎ እውነተኛውን መድረክ ያያል። ዛሬ በመስተዋቱ ፈንታ በ45 ዲግሪ የተወጠረ ግልጽ ፕላስቲክ ይሠራበታል። «ሆሎግራም» ተብሎ ይሸጣል። ስሙ አያታልልዎ፤ ያው የፔፐር መስተዋት ነው። ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለው መድረክ ጨለማ መሆን፣ መብራቱም በጥንቃቄ መቆረጥ ስላለበት በአንድ ትዕይንት ብቻ ለሚታይ መንፈስ ይህን ሁሉ መትከል ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ርካሹ ወንድሙ ወንፊት የመሰለው ስስ መጋረጃ ነው። ከመድረኩ ፊት ይወጠርና ከፊት ምስል ይረጭበታል፤ ከጀርባው ያለው ተዋናይ መብራት ሲበራለት መጋረጃው እንደሌለ ይሆናል። ምስሉ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። በብር መሰል ቅብ የተሠራው ዓይነት ብርሃኑን አብልጦ ስለሚመልስ ይደምቃል፤ ጥቁሩ ግን በሥራው መካከል መኖሩ ይረሳል። መታወቅ ያለበት አንድ ነገር፦ ብርሃኑ ከፊሉ በቀዳዳዎቹ አልፎ ይሄዳል። ፕሮጀክተሩ ቀጥ ብሎ ከተተከለ ያው ምስል ከኋላ ግድግዳው ላይ ዳግመኛ ይታያል። በሹል ማዕዘን ከላይ ከተረጨ ግን ሁለተኛው ምስል ወለሉ ላይ ወድቆ ይጠፋል። ለተዋንያኑም መብራቱ ከጎን ብቻ ይምጣ።

## ቀጥታ ካሜራ ካለ

ተዋናዩ እየተጫወተ ፊቱ በግዙፉ ስክሪን ላይ በቀጥታ ሲታይ ምርጫውን የሚወስነው መዘግየት ነው። በሴኮንድ 50 ፍሬም ሲሠራ አንድ ፍሬም 20 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ካሜራው አንድ ወይም ሁለት ፍሬም፣ የምስል ማቀላቀያው አንድ፣ የምስል ሰርቨሩ (ምስሉን የሚያጫውተው ኮምፒውተር) ሁለት ወይም ሦስት፣ ማሳያው አንድ ወይም ሁለት ይበላሉ። ከአምስት እስከ ስምንት ፍሬም፤ ከ100 እስከ 160 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው። ከንፈር ከድምፅ ጋር እንዳልገጠመ ዓይን ያውቀዋል።

ድምፅ በአየር በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 20 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው ራሱ 58 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከኋላ ያለው ተመልካች ችግሩን የሚያየው ለዚህ ነው ቀለል ብሎ። ፊተኞቹ ረድፎች ናቸው የሚጎዱት። ድምፁን ከምስሉ እኩል ማዘግየት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም፤ ስክሪኑን ለማዳን ሕያው ተዋናዩን ከራሱ ድምፅ ይለያዩታል። የሚሻለው ሰንሰለቱን ማሳጠር ነው። ለቀጥታ ካሜራ ትዕይንቱ ምስሉ ሰርቨሩን ዘልሎ ከማቀላቀያው በቀጥታ ወደ ማሳያው ይግባ። ምስል ላይ የሚጨመር ጌጥ ይቀራል፤ ከንፈሩ ግን ይገጥማል። ካሜራው ኤልኢዲውን ራሱን የሚያይ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ቢያንስ 3,840 ኸርዝ የማደስ ፍጥነት ይኑረው፤ ከዚያ በታች ከሆነ በቀረጻው ላይ ጥቁር መስመሮች ሊጓዙ ይችላሉ።

## ምስሉን የሚያጫውተው ኮምፒውተር

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ ሰዎች ከሚገባው በላይ የሚጨነቁበት ነው። ድምፅና ጥቂት ምስል በተራ በተራ ለሚጠራ ትርኢት ኪውላብን የመሰለ በማክ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም ይበቃል። ብዙ ፕሮጀክተር ጠርዝ ለጠርዝ ተዋህዶ አንድ ሰፊ ምስል ሲሠራ እንደ ዋችአውት ያሉት ይመጣሉ፤ ለውህደቱ ከምስሉ ከ10 እስከ 20 በመቶ መደራረብ ስለሚያስፈልግ የፕሮጀክተሩን ቁጥር ሲያሰሉ ይህን ከእያንዳንዱ ፕሮጀክተር የምስል ስፋት ላይ ይቀንሱ። መድረኩ በሦስት አቅጣጫ ሞዴል ተሠርቶ ምስሉ በሚንቀሳቀስ ዕቃ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ዲስጋይዝን ወይም ፒክሴራን የመሳሰሉት ተገቢ ይሆናሉ። ከፕሮግራሙ ስም ይልቅ የሚበልጠው ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ ለሙሉው ትርኢት ጊዜ መገኘቱ ነው።

መጠባበቂያውን ግን አይቀንሱ። ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ፋይል ይዘው እኩል ይሮጡ፤ አንዱ ሲቆም በአንድ ቁልፍ ወደ ሌላው ይዛወር። ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ከ10 እስከ 15 ሜትር ካለፈ አይታመንም፤ ለረጅሙ ርቀት ፋይበር ይዘርጋ።

## በአንድ ገጽ ሲታይ

| መመዘኛ | የፊት ፕሮጀክሽን | የኋላ ፕሮጀክሽን | የኤልኢዲ ግድግዳ | ስስ መጋረጃ |
|---|---|---|---|---|
| መብራት በበዛበት መድረክ | ደካማ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | በጣም ደካማ |
| መድረኩ ሲጨልም ጥቁሩ | ያለ መዝጊያ ግራጫ | ያለ መዝጊያ ግራጫ | እውነተኛ ጥቁር | ያለ መዝጊያ ግራጫ |
| የተዋናይ ጥላ | አለ፤ በማዕዘን ይቀነሳል | የለም | የለም | ከጀርባ ለቆመ የለም |
| የሚፈልገው ጥልቀት | ከፊት ረጅም | ከኋላ 4.6 እስከ 10 ሜትር | ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም | ከፊት ረጅም |
| ክብደት መድረኩ ላይ | ቀላል | ቀላል | በቶን የሚቆጠር | በጣም ቀላል |
| የማራገቢያ ድምፅ | ለተመልካች ቅርብ | ራቅ ያለ | አነስተኛ | ለተመልካች ቅርብ |
| ቅርጽ ባለው ዕቃ ላይ | ከሁሉም ይሻላል | አይሆንም | በፓነሉ ቅርጽ የተወሰነ | አይሆንም |
| ለዘፋኝ ድምፅ | ችግር የለም | በስክሪኑ ዓይነት | ይመልሳል | ችግር የለም |
| ወጪ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ |

## ለማን ምን?

በጀቱ ጠባብ ከሆነና ትርኢቱ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚቆይ ከሆነ፣ አንድ ጥሩ ፕሮጀክተር ተከራይተው ከላይ በ30 ዲግሪ ይስቀሉት፤ መዝጊያ ይግጠሙለት፤ የተረፈውን ገንዘብ ለመብራት ባለሙያው ተጨማሪ ቀን ያውሉት። ምስሉንም ያሳንሱት። ስድስት ሜትር በደንብ የበራ ምስል ከ12 ሜትር ደብዛዛ ምስል ይሻላል፤ ስፋትና ቁመቱ በግማሽ ሲቀንስ ያው ፕሮጀክተር ድምቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ለሙዚቃዊ ትርኢት፣ መድረኩ በብርሃን ለሚጥለቀለቅበትና ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ፣ ኤልኢዲ ተገቢ ነው። በቋሚነት ስለሚሰቀል የመትከያው ወጪ በብዙ ምሽቶች ላይ ይከፋፈላል። በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ ለሚዞር ቡድን ግን 360 ፓነል ማውረድና መስቀል የሠራተኛ ጉልበት ይበላል፤ ለእነርሱ ፕሮጀክተርና የሚጠቀለል ጨርቅ ይቀላል። የሚዞር ቡድን ከኤልኢዲ አልላቀቅም ካለ ግድግዳው ከመጀመሪያው በመንኮራኩር ላይ በሚቆሙ ክፍሎች ተከፍሎ ይሠራ።

በየምሽቱ የተለያየ ትርኢት የሚያሳይ ቤት ከሁሉም የሚቸገረው በመቀያየሩ ነው። የዛሬው ኦፔራ የነገውን ቴአትር ፕሮጀክተር ካስነቃነቀ ልኬቱ ሁሉ ከእንደገና ይጀምራል። እንዲህ ላለው ቤት ፕሮጀክተሮችን በቋሚ ቦታ ገዝቶ መትከልና ስክሪኑን ብቻ መለዋወጥ ከኪራይ ይሻላል።

ለንግግር ብቻ ለሆነ፣ ጸጥታና ፊት ለሚበዛበት ቴአትር፣ የኋላ ፕሮጀክሽን ቦታው ካለ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ቦታው ከሌለ በዝቅተኛ ድምቀት ያማረ ኤልኢዲ ይከተላል። ለሙት መንፈስ፣ ለሕልም፣ ለትዝታ ትዕይንት ብቻ ስስ መጋረጃ ይጨመር፤ ትርኢቱን ሁሉ ከእርሱ ጀርባ መጫወት ግን ተመልካቹን ከተዋናዩ ያርቀዋል።

የትኛውንም ቢመርጡ ከውሉ በፊት አከራዩ ዘንድ ሄደው ሙከራ ይጠይቁ። አራት ነገር ይዘው ይሂዱ፦ ሙሉ ጥቁር የሆነ ፋይል፣ ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ ቀስ ብሎ የሚሸጋገር ፋይል፣ በጥቁር ላይ ቀጭን ነጭ ጽሑፍ ያለበት ፋይልና አንድ ተዋናይ። ተዋናዩ ከስክሪኑ ሁለት ሜትር ርቆ ይቁም፤ ለትዕይንቱ የታሰበው ዓይነት መብራት ይብራለት፤ እርስዎ ደግሞ የመጨረሻው ረድፍ በሚሆነው ርቀት ላይ ይቀመጡና መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ምስሉን ይመልከቱ። አከራዩ ይህን ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ካልሆነ ወደሚቀጥለው ማቅረቢያ ይለፉ።